ሲሞቅ ሚኒሞው የሚዋዥቅ አሮጌ ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል

ምልክቱ፦ ጠዋት በአንዴ ይነሳል፤ ሲሞቅ ግን ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ከ1,100 እስከ 2,000 ዙር ይዋዥቃል። በዝግታ ሲነዳ ይንገጫገጫል፣ ነዳጅ ሙሉ ሲሰጡት ደህና ይሄዳል። የኢንጀክሽን (በኮምፒውተር እየታዘዘ ነዳጅ የሚረጨው ሥርዓት) መብራት አይበራም።

ካንዴላ ቀየርኩ፣ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ቤንዚኑ ላይ የኢንጀክተር ማጽጃ ጨመርኩ። ለውጥ የለም። የፓምፑን ግፊት ለካሁ፤ 3 ባር፣ ልክ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ አለቀ። ፍንጩ ግን መጀመሪያ ያወጣኋት ካንዴላ ላይ ነበር፦ ጫፏ ነጭ ሆኗል፤ አየር በዝቶ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ፣ በትሮትል ቦዲው (የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) እና በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) መካከል ባለው ጎማ ዙሪያ የካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይ በቀጭኗ ቱቦ ትንሽ ትንሽ ረጨሁ። ተቀጣጣይ ስለሆነ የጭስ ማውጫውን እንዳይነካ። ከላይ በኩል ምንም የለም፤ ከሥር ሲያርፍበት ዙሩ ወዲያው ተለወጠ፤ ትርፉ አየር የሚገባው በዚያ ነው ማለት ነው። ጎማው ተፈትቶ ሲታይ ደህና ይመስላል። በጣት ሲታጠፍ ነው ከፋሼታው (ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ሥር የጥፍር ርዝመት ያለው ስንጥቅ አፉን የሚከፍተው። ሲቀዘቅዝ ችግሩ የሚደበቀው ኮምፒውተሩ ለብርድ ብሎ ነዳጅ ስለሚጨምር፣ ሙሉ ሲሰጡት የሚጠፋው ደግሞ በስንጥቁ የሚስበው ኃይል ስለሚቀንስ ነው።

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ፋሼታ። በሲሊኮን መለጠፍ አያዋጣም፣ ቤንዚን ያላቅቀዋል። ሚኒሞው 1,400 ላይ ቆመ። የሚኒሞውን ብሎን አስቀድሞ የነካካ ካለ ግን ወደ ቦታው ሳይመልስ አይለካ።