አኳሪየሙ ሲሰነጠቅ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

አኳሪየማችሁ ውሃ ማንጠባጠብ ከጀመረ ዓሣዎቹን ከነውሃቸው ንጹህ ባልዲ ውስጥ አዛውሩና የሚያፈሰውን ቦታ ፈልጉ። ከመገጣጠሚያው ከሆነ ይጠገናል፦ የድሮውን ሲሊኮን (መስታወቶቹን የሚያያይዘውን ማጣበቂያ) በምላጭ ሙልጭ አድርጋችሁ ፋቁ (አዲሱ በአሮጌው ላይ በደንብ አይይዝም)፣ ከዚያ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት ንጹህ ሲሊኮን ሙሉበት፤ ቢያንስ 48 ሰዓት ይድረቅ። በትንሽ አኳሪየም የጎን መስታወት ላይ ያለ አጭር ስንጥቅም ከውስጥ ቁራጭ መስታወት በሲሊኮን ተለጥፎበት ሊያገለግል ይችላል። የታችኛው መስታወት ከተሰነጠቀ ግን ልፋቱ ይቅርባችሁ፣ አኳሪየሙን ቀይሩት። 100 ሊትር ውሃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ ድንጋዩና አሸዋው ሲጨመርበት አስቡት። እየረዘመ የሚሄድ ስንጥቅንም እኔ አላምነውም። ዓሣ ከመመለሳችሁ በፊት የጠገናችሁትን አኳሪየም ውሃ ሞልታችሁ፣ ቢፈስ በማይጎዳ ቦታ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት።