ራስን መውደድ በትንንሽ ልማዶች፦ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅባቸው ስህተቶች

«ራስ ወዳድ» በአማርኛ ስድብ ነው። ስለዚህ «ራስህን ውደድ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሐፍረት ነው፤ ለራሱ ያሰበ ሁሉ ከሌላው የነጠቀ ይመስለዋል። ሁለቱ ግን አይገናኙም። ራስ ወዳድ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። ራሱን የሚወድ ሰው ደግሞ ለወዳጁ የማይነፍገውን ለራሱም አይነፍግም፤ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል፣ ሲደክመው ያርፋል፣ ሲሳሳት ራሱን አያዋርድም፣ ከሁሉ በላይ ለራሱ የገባውን ቃል ይጠብቃል። የዕቁብ ቀን የማያሳልፍ፣ የዕድር መዋጮ የማያጓድል ስንት ሰው አለ፣ ለራሱ «ዛሬ በጊዜ እተኛለሁ» ያለውን ግን በየቀኑ ሲያጥፍ የሚኖር! ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይታመንም፤ ያ ሰው ራሳችን ስንሆንም ያው ነው። ትንንሽ የዕለት ልማዶች የሚጠቅሙት ይህን የጎደለ አመኔታ ቀስ በቀስ ስለሚመልሱ ነው። አያያዛቸው ሲበላሽ ግን ሰውን ከነበረበት ወደባሰ ይወስዱታል።

መስከረም 1 ሁሉንም በአንድ ላይ መጀመር

ዝርዝሩ ዓመት ከዓመት ያው ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ መስቀል አደባባይ ወርዶ መሮጥ፣ ስኳር ማቆም፣ በቀን 30 ገጽ ማንበብ፣ ማታ ማስታወሻ መጻፍ። እንቁጣጣሽ ላይ ይጀመራል፤ ደመራ ሳይደርስ ሦስቱ ይቀራሉ፣ ጥቅምት ሲገባ ሁሉም። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አዲስ ነገር እስኪለመድ ድረስ በየቀኑ ማሰብና መወሰን ይጠይቃል፤ በአንድ ማለዳ አምስት ጊዜ ከራስ ጋር መታገል ደግሞ ሥራ ሳይገቡ ያደክማል።

አንድ ብቻ ምረጡ። መጠኑንም የምትለኩት በጥሩ ቀናችሁ ሳይሆን በክፉ ቀናችሁ ይሁን፦ መብራት ጠፍቶ፣ ዝናብ ደብድቧችሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤት ገብታችሁ፣ ልጅ አተኩሶት እንኳ የሚሠራ። ከ2 ደቂቃ ካለፈ በዝቷል። 30 ገጽ ሳይሆን አንድ ገጽ፣ የግማሽ ሰዓት ሩጫ ሳይሆን ጫማ አስሮ እስከ አስፋልቱ ወጥቶ መመለስ። ልብ ሲነሳሳ መጨመር ይቻላል፤ ግዴታው ግን ያችው ትንሿ ናት።

«21 ቀን ከደገምከው ልማድ ይሆናል» የሚለውንም እርሱት። መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ነበር፤ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ቀረች። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መካከለኛው ቁጥር 66 ቀን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ውሃ መጠጣትን የመሰለው ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። በእኛ አቆጣጠር እንየው። መስከረም 1 የጀመረ ሰው 21ኛ ቀኑ ግሸን ማርያም ላይ ይውላል። 66ኛው ኅዳር 6፣ ቁስቋም ነው። 254ኛው ግንቦት 14። ግሸን ላይ «ለእኔ አልሆነኝም» ብሎ መተው ሲሶውን ሄዶ መመለስ ነው።

ልማዱን በማይታመን ነገር ላይ ማሰር

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እየኖሩ «ጠዋት ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ» ብሎ መወሰን ልማዱንም በፈረቃ ማድረግ ነው። «ጊዜ ሳገኝ» ደግሞ ጭራሽ ማሰሪያ አይባልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልቪትዘር ደጋግመው እንዳሳዩት፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜና ቦታውን አስቀድሞ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ ያሰበውን ይፈጽማል።

ምንም ቢመጣ በየቀኑ የማይቀር ነገር ፈልጉ፦ በር መቆለፍ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ መክፈል። ይህን የመጨረሻውን ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ሴት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ልትሄድ ሰልፉን ጨርሳ መቀመጫ ይዛለች። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ «ሒሳብ» ይላል፤ ትከፍላለች፣ መልስ ትቀበላለች። ልማዷ የሚጀምረው መልሱ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ነው። ስልኳም አብሮ ይገባል፣ ዚፑ ይዘጋል። እጇን ቦርሳው ላይ አሳርፋ በአፍንጫዋ እስከ 4 እየቆጠረች አየር ታስገባለች፣ እስከ 6 እየቆጠረች ታስወጣለች። አሥር ጊዜ። በጠቅላላው 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። ከዚያ ራሷን አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ «አሁን ምን ያስፈልገኛል?» መልሱ ውሃ ሊሆን ይችላል፣ ቁርስ ሊሆን ይችላል፣ እናቷ ጋ መደወል ሊሆን ይችላል። ሬዲዮው ቢጮህ፣ አጠገቧ ያለው ሰው በስልክ ቢጨቃጨቅ አያበላሸውም። የሚያበላሸው ስልኩ እጅ ላይ ከቀረ ነው፤ «አንዴ ብቻ ልየው» ተብሎ የተከፈተ ቪዲዮ ወራጅ እስኪባል አይዘጋም።

ያመለጠን ቀን በቅጣት መክፈል

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙ። ስንቱ ጥሩ ጅምር የሞተው በዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ሰውየው በየማታው አንድ ገጽ ማስታወሻ ሊጽፍ ወስኖ 12 ቀን በትክክል ሠራ። በ13ኛው ቀን ለቅሶ ቤት አምሽቶ ደብተሩን ሳይከፍት ተኛ። በማግሥቱ «የትናንቱን ጨምሬ ሁለት ገጽ እጽፋለሁ» አለ። ደክሞት አልጻፈም። በሦስተኛው ቀን ዕዳው ሦስት ገጽ ሆነ። አሁን ደብተሩ ማስታወሻ መሆኑ ቀርቶ የዱቤ መዝገብ ሆኗል፤ ሲያየው ያፍራል፣ ስለሚያፍር ልብስ ሥር ያስገባዋል። ከዚያ የለመደው ድምፅ ይመጣል፦ «እኔኮ እንዲህ ነኝ። የጀመርኩትን መቼ ጨርሼ አውቃለሁ!» ራስን ለመውደድ የተጀመረው ነገር ራስን ለመናቅ ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

ከየት እንደተማርነው ግልጽ ነው። በኩርኩምና በአርጩሜ አድገን፣ ያልተቀጣ አይቃናም ብለን አምነናል። ዕድርም ያረፈደን ይቀጣል። የዕድር ቅጣት የሚሠራው ግን ቀጪው ሌላ ሰው ስለሆነ፣ መጠኑ ስለታወቀና ከተከፈለ በኋላ ነገሩ ስለሚዘጋ ነው። ራሱን የሚቀጣ ሰው ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ተቀጪም እሱው ነው፤ ፋይሉም መቼም አይዘጋም። እባካችሁ ይሄን በራሳችሁ ላይ አታድርጉ። ከላይ የጠቀስነው የለንደኑ ጥናት ራሱ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን መጠናከር ይህን ያህል እንደማይጎዳው አሳይቷል። የሚጎዳው ከዝላዩ በኋላ የምናደርገው ነው።

ስለዚህ ማካካሻ የሚባል ነገር አይኑር። በሚቀጥለው ቀን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መጠን ትመለሳላችሁ፤ አንድ ገጽ ከነበረ አንድ ገጽ። ሁለት ቀን በተከታታይ ካመለጠ መጠኑን በግማሽ ቀንሱ፤ ግማሽ ገጽ፣ ከበዛም አንድ መስመር። ያመለጠው ቀን ላይ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፦ «ለቅሶ»፣ «ራስ ምታት»፣ «ረሳሁ»። «ረሳሁ» ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ማሰሪያው ነው ችግሩ፤ ሌላ ነገር ላይ እሰሩት። «ደከመኝ» ሦስት ጊዜ ከመጣ መጠኑ በዝቷል ወይም ሰዓቱ መሽቷል። «ሰለቸኝ» ካላችሁ ልማዱን ራሱን ቀይሩት፤ ይፈቀዳል። ምልክት ለማድረግ ደግሞ የግድግዳ ካላንደር ከስልክ መተግበሪያ ይሻላል። አንዳንዱ መተግበሪያ አንድ ቀን ስትዘሉ ወደ ዜሮ ይመልሳችኋል። ግድግዳው ላይ ግን 29 ምልክት መካከል አንድ ባዶ ሳጥን ትታያለች። እውነቱም እሱ ነው።

መስታወት ፊት የማያምኑትን መናገር

ራሱን የሚንቅ ሰው «እኔ ተወዳጅ ነኝ» እያለ ቢደጋግም ውስጡ «ውሸት» እያለ ይመልስለታል። በካናዳ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ይህን ዓረፍተ ነገር ሲደጋግሙ ካልደጋገሙት ይልቅ ስሜታቸው ወርዶ ተገኝቷል። በጣም የሚያስፈልገው ሰው ላይ ነው የሚከፋው።

አማርኛ የተሻለ ቃል ሰጥቶናል። አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዟችሁ፣ አይዞን እንላለን፤ «አይዞኝ» ሲል የተሰማ ሰው ግን ብርቅ ነው። ማጽናናት ከሌላ ሰው ብቻ የሚመጣ አድርገን ይዘነዋል። መውጫው ራስን እንደ ሌላ ሰው ማናገር ነው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት «እኔ» በማለት ፈንታ በስማቸው ወይም «አንተ፣ አንቺ» ብለው ራሳቸውን ያናገሩ ሰዎች ጭንቀት ያለበትን ሁኔታ በተሻለ ይወጡታል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የሆነው፣ አይዞሽ፣ ቀጣዩ እርምጃ። «ሪፖርቱን አሳስተሽ ልከሻል። አይዞሽ፣ ማንም የሚስተው ነው። አሁን አስተካክለሽ ላኪና ለኃላፊሽ ንገሪ።» የመጀመሪያውን የዘለለ ራሱን ይሸነግላል፤ ሦስተኛውን የዘለለ እዚያው ቁጭ ብሎ ይቀራል።

ይሉኝታን ወይ መታዘዝ ወይ ጠራርጎ መጣል

አንዳንዱ እሺ እያለ ያልቃል። ሌላው «ከዛሬ ጀምሮ ለራሴ ነው የምኖረው» ብሎ ለቅሶ መድረስ ያቆማል፣ ከዕድር ይወጣል፣ የጎረቤት ቡና ይርቃል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስባል፤ ራስን ማክበር ብቻውን የቀረ ሰው ላይ አይበረታም፤ ስንወድቅ የሚያነሱን እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ልማዱ ትንሽ ነው፦ ጥያቄ ሲቀርብ ወዲያው አለመመለስ። «ቀኔን አይቼ ነገ ጠዋት ልደውልልሽ» በቂ ነው፤ ነገ ጠዋት ግን ይደወላል። እምቢታው ደግሞ አጭር ይሁን። ምክንያት የደረደራችሁ እንደሆነ ጠያቂው ምክንያቱን ሊፈታላችሁ ይነሳል። «መኪና የለኝም» ስትሉ «እኔ እወስድሃለሁ» ይመጣል። «እትዬ፣ እሁድ አይመቸኝም፤ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ግን መጥቼ አግዝዎታለሁ» የሚለው አክብሮቱንም ልኩንም ይዟል።

የቀሩትን በአጭሩ። የምስጋና ማስታወሻ ላይ በየቀኑ «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» አትጻፉ፤ «ዛሬ ዝናቡ ሳይጀምር ቤት ገባሁ» ብላችሁ አንድ ነገር ለይታችሁ ጻፉ። ራስን መውደድ ከውድ ቅባትና ከፀጉር ቤት አይጀመርም፤ ደመወዝ ሳይመጣ ያለቀ ገንዘብ ጭንቀት ነው የሚጨምረው። እንቅልፍን ቆርጣችሁ ልማድ አትቀጥሉ፤ ለአዋቂ ሰው 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው የሚመከረው። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው 5 ሰዓት ላይ ሲገላበጥ ቡናው ነው እንጂ የቆራጥነት ማነስ አይደለም። ስልኩ ደወል ስለሆነ ብቻ ትራስ ሥር የሚያድር ከሆነም የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ግዙ፤ ስልኩ ሳሎን ይደር።

ሕመምን ስንፍና ብሎ መጥራት

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ደስታ ከጠፋ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ ከተዛባ፣ መነሳት ተራራ መውጣት ከሆነ፣ ራስን እንደ ሸክም መቁጠር ከመጣ፣ ይህ በልማድ ብቻ የሚመለስ ላይሆን ይችላል፤ ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ለቅርብ ሰው ነግሮ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው። መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ። ጸበል የሚሄድ ሰው ጸበሉን መተው የለበትም፤ መድኃኒት ከጀመረ ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

ስትሄዱ አንድ ወረቀት ያዙ። መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ክብደታችሁ ቀንሶ ወይም ጨምሮ እንደሆነ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ስሙን ጻፉበት። ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ግማሹ ስለሚጠፋችሁ። የምታምኑት አንድ ሰውም አብሯችሁ ይሂድ፤ ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሳትገቡ ልትመለሱ ትችላላችሁ።