በምርጫ ሰሞን የሰውን ሐሳብ ከፌስቡክና ከቴሌግራም ለምትለቅሙ

በ2013 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሲቃረብ፣ ሦስት ጓደኛሞች ልደታ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማታ ማታ እንገናኝ ነበር። ሕዝቡ ስለ ምርጫው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የሚለውን ለቅመን፣ ምርጫውን ለሚታዘቡ ወዳጆቻችን በየሳምንቱ እንነግራቸው ነበር። ያንን ሥራ እናንተም ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ የሠራንበትን መንገድ ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ። «ማን ያሸንፋል?» ብላችሁ አትነሱ። ያኔ ለመምረጥ የተመዘገበው ሰው ከ37 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ነው ፌስቡክ ላይ ተቀምጦ ኮሜንት የሚጽፈው? የቁጥር ብዛት እንዳያታልላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል ካርድ በትኖ 2.4 ሚሊዮን የሚጠጋ መልስ አገኘ። ለፕሬዚዳንትነት ከሚወዳደሩት ላንደን ያሸንፋል ብሎ ጻፈ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ። መጽሔቱ አድራሻ የለቀመው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ሰው ደግሞ ከሌላው ይለይ ነበር። ዛሬ ስማርት ስልክና የዳታ ብር ያለው ሰውም እንደዚያው ነው።

የሚያዋጣው ጥያቄ «ሰው ምን አስጨነቀው? ምንስ አልገባውም?» የሚለው ነው። ሚያዝያ ላይ ሠንጠረዣችንን የሞላው የፓርቲ ስም አልነበረም። «ካርድ የት ነው የሚወጣው?»፣ «ጣቢያው ዝግ ነው» የሚል ነበር። ይህን ለሚመለከተው ሰው ቶሎ ብትነግሩት ሊስተካከል ይችላል። እኔ ለዚህ ሥራ ልቤን የሰጠሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋው ላይ አማርኛችን ራሱ ይፈትናችኋል። «ድምፅ» ብላችሁ ፈልጋችሁ «ድምጽ» ብሎ የጻፈውን ልታጡት ትችላላችሁ። ሕዝብና ህዝብ፣ ፀጥታና ጸጥታም እንደዚያው። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ብዙ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ሦስት አጻጻፍ ያዙለት። «ምርጫ» የሚለውን ብቻውን ከፈለጋችሁ የሶፋና የመጋረጃ ማስታወቂያ ይዘንብባችኋል። «የምርጫ ካርድ»፣ «ምርጫ ጣቢያ»፣ «ኮሮጆ» ብላችሁ ፈልጉ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ የሚያነብ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ደግሞ ያገኛችሁት አማርኛ የሚጽፈውን ሰው ሐሳብ ብቻ ነው። ሪፖርታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።

መሣሪያውን ብዙ አታካብዱት። ያኔ ብዙ ሰው ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ለመከታተል ይጠቀምበት የነበረው ክራውድታንግል በ2024 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ኤክሴል ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ከየት እንደተገኘ፣ ጉዳዩ፣ ስሜቱ፣ ማስታወሻ። ቴሌግራምን ኮምፒውተር ላይ ብትከፍቱት የቻናሉን የቆየ መልእክት በፋይል ማውረድ ትችላላችሁ። የሰው ስም ግን አትመዝግቡ። በቁጥር ተኩት። በእኛ አገር «እገሌ እንዲህ አለ» የሚል ዝርዝር በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ኮሜንት የጻፈው ሰው ደግሞ እናንተን አምኖ አልጻፈም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ስሜቱን የሚለየው ኮምፒውተር ሳይሆን ሰው ይሁን። የብልጽግና የምርጫ ምልክት አምፖል ነበር። አንዱ «መብራት ኃይል ይባረክ፣ አምፖላችንን ድርግም አደረገልን» ብሎ ቢጽፍ ምን ትሉታላችሁ? ምስጋና ነው? ምሬት ነው? ስለ ፓርቲው ነው ወይስ ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ? እኛ 50 ኮሜንት ለሁለት ተካፍለን ሳይሆን፣ ከሦስታችን ሁለታችን ያንኑ 50 ለየብቻ እናነብ ነበር። መጀመሪያ ቀን በ19ኙ አልተስማማንም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሰምና ወርቅ ነበር። ቁጭ ብለን ተከራከርን፣ የጋራ መለያ ጻፍን፣ በሳምንቱ አለመስማማታችን ወደ 6 ወረደ። ይህን ሳታደርጉ መቶኛ አታውጡ።

ሐሰተኛውን መለየት ሌላ ሥራ ነው። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን 5 ቀን ሲቀረው፣ ፌስቡክ ተቀናጅተው በማስመሰል ይሠሩ ነበር ያላቸውን የኢትዮጵያ አካውንቶችና ገጾች ማጥፋቱን አስታውቆ ነበር። ከኢንሳ (ከመንግሥት የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ተቋም) ጋር ግንኙነት ባላቸው ሰዎች የሚሠሩ መሆናቸውንም ገልጿል። እናንተም በዓይናችሁ ልትለዩ ትችላላችሁ። አንድ ጽሑፍ ከነፊደል ግድፈቱ አሥር ቦታ ካያችሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሩት። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ ደግሞ «የገጽ ግልጽነት» የሚለው ክፍል ውስጥ ግቡ፤ መቼ እንደተከፈተ፣ ስሙን እንደቀየረ፣ ከየት አገር እንደሚመራ ያሳያል። ትናንት የዘፈን ገጽ የነበረው ዛሬ የፖለቲካ ተንታኝ ሲሆን ታገኙታላችሁ።

ሰዓቱንም እዩ። በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚግለው ክርክር በብዛት ከዋሽንግተን አካባቢ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ውጭ ያለው ወገናችን የሚለው ይሰማ፣ የአገሩ ጉዳይ ነው። ግን ያኔ ውጭ ሆኖ ድምፅ መስጠት አይቻልም ነበርና ለብቻው መዝግቡት።

በየሳምንቱ መጨረሻ ስልክ አንሱ። እኔ ደሴ ላሉት አክስቴ እደውል ነበር። ስማርት ስልክ የላቸውም። «እትዬ፣ ሰፈር ውስጥ ስለ ምርጫ ምን ይወራል?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ እኛ ስለ ዘይት ነው የምናወራው» አሉኝ። እኛ ሳምንቱን ሙሉ የአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ኮሜንት ስንለቅም ነበር የከረምነው። ከዚያ በኋላ ሠንጠረዡ ላይ «በስልክ የተሰማ» የሚል ዓምድ ጨመርን።

በምርጫው ዕለት ፎቶ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ማንኛውንም የሰልፍ ፎቶ ከመመዝገባችሁ በፊት በጎግል ሌንስ ፈልጉት፤ የ1997 ሰልፍ ዛሬ የተነሣ ተብሎ ሊለጠፍ ይችላል። በ2013ቱ ምርጫ ዕለት፣ ሰኔ 14፣ የመራጩ ሰልፍ ረዝሞ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዝሞ ስለነበር፣ የጨለማ ፎቶ ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ማታ ተኝታችሁ በማግስቱ ጠዋት በእግራችሁ ውጡ። ውጤቱ በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። እኔ ሰፈሬ ያሉትን የሦስት ጣቢያ ወረቀቶች በደብተሬ ገልብጬ መጣሁና ከሠንጠረዣችን ጎን አስቀመጥኳቸው።