ለዳታቤዝ የስትሪንግ ፋንክሽንና የላይክ ፍለጋ ሲጨመር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኤስኪውላይትን የመሰለ አነስተኛ ዳታቤዝ ይዞ የሚሠራ ፕሮግራመር ውሎ አድሮ የሚጎድለው ነገር ይገጥመዋል። ኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ መደበኛ ደንብ ውስጥ ያለው፣ አንድ ቁራጭ በጽሑፍ ውስጥ ስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ የሚናገረው ፖዚሽን የተባለው ፋንክሽን በዚህ ዳታቤዝ ውስጥ የለም፤ ጽሑፍን በውስብስብ ቅርጽ የሚፈልገው የሪጀክስ ኦፕሬተርም ስሙ ብቻ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራው ፋንክሽን በተጠቃሚው እንዲመዘገብ ተትቷል። አዲስ ፋንክሽን መመዝገብ በሲም ሆነ በፓይተን ጥቂት መስመር ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ ሥራው በግማሽ ቀን የሚያልቅ ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ ደንብ ጀምሮ ሰብስትሪንግን (ከጽሑፍ ቁራጭ የሚቆርጥ)፣ ትሪምን (የጽሑፍን ዳርና ዳር የሚያጸዳ) እንዲሁም ፖዚሽንን የመሳሰሉት ፋንክሽኖች በአስቸጋሪ ሁኔታዎች ሳይቀር ምን መመለስ እንዳለባቸው በቁርጥ ተደንግጓል። ስማቸውን ብቻ አውቆ የሚጽፍ ሰው ትክክል መስሎ በጸጥታ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ኮድ ያስረክባል። ምሳሌዎቹን በግእዝ ፊደል የማቀርበው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ሲሞከሩ የማይታዩ ስህተቶች በእኛ ፊደል ወዲያው ስለሚጋለጡ ነው።

ቁምፊን በባይት መቁጠር

ቁምፊዎችን በባይት በሚያስቀምጠው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ቁምፊ፣ ዘጠኝ ባይት ነው፤ በዋናው የዩኒኮድ የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ያለ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይወስዳልና። ደንቡ ሁለቱን ልኬቶች በሁለት ስም ለይቷቸዋል፤ ካራክተር ሌንግዝ ሦስት፣ ኦክቴት ሌንግዝ ዘጠኝ ማለት አለባቸው። የሲ ቋንቋን ስትርሌን ጠርቶ ውጤቱን እንዳለ የሚመልስ ሰው ሁለተኛውን ሠርቶ የመጀመሪያውን ስም ይሰጠዋል። ጉዳቱ በርዝመት ላይ አይቆምም። በባይት የሚቆርጥ ሰብስትሪንግ «ሰ»ን መሐል ላይ ሰንጥቆ ሊነበብ የማይችል ቁራጭ ይተዋል፤ በባይት የሚራመድ ላይክ (% ለማንኛውም ያህል ቁምፊ፣ _ ለአንድ ቁምፊ የሚቆምበት የቅርጽ ፍለጋ) ደግሞ «ሰ_ም» በሚል ፍለጋ «ሰላም»ን ማግኘት ያቅተዋል፣ ምክንያቱም የታች ሰረዟ አንድ ሙሉ ቁምፊ መሸፈን ሲገባት አንድ ባይት ብቻ ትሸፍናለች። እያንዳንዱን ሆሄ ሦስት ባይት ነው ብሎ በደፈናው ማካፈልም መፍትሔ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ሆሄያት አራት አራት ባይት ናቸውና።

የሰብስትሪንግን መነሻ በግምት መተርጎም

ቆጠራው ከአንድ እንደሚጀምር ብዙ ሰው ያውቃል፤ መነሻው ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲሆን ግን እያንዳንዱ ዳታቤዝ የየራሱን መንገድ ይከተላል። ደንቡ የሚለው መነሻውንና ርዝመቱን ደምረህ መጨረሻውን አግኝ፣ ከዚያም በጽሑፉ ውስጥ በእውነት ያሉትን ቁምፊዎች ብቻ መልስ ነው። ስለዚህ «ሰላም» ከዜሮ ተነሥቶ ለሁለት ቁምፊ ሲቆረጥ መልሱ «ሰ» ብቻ ነው፤ ከዜሮ በፊት ባለው ቦታ ሲጀመርና ርዝመቱ ሦስት ሲሆንም መልሱ ያው «ሰ» ነው። ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውላይት ግን ከዜሮ በታች የሆነን መነሻ ከኋላ ስለሚቆጥሩ በሁለተኛው ጥያቄ «ም»ን ይመልሳሉ። ርዝመቱ ራሱ ከዜሮ በታች ከሆነ ደንቡ ስህተት እንዲነገር ያዝዛል፤ ባዶ ስትሪንግ መመለስ ችግሩን መሸፈን ነው። መነሻንና ርዝመትን ስትደምሩ ደግሞ ሰፊውን የ64 ቢት ቁጥር ተጠቀሙ። «እስከ መጨረሻው» ለማለት 2147483647ን በርዝመትነት የሚልክ ተጠቃሚ አይጠፋም፤ በ32 ቢት ሲደመር ቁጥሩ ሞልቶ ወደ አሉታዊ ይገለበጣል።

ትሪምን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፦ ምን እንደሚነሣ ካልተነገረው ደንቡ የሚያነሣው ባዶ ቦታን እንጂ ታብንና አዲስ መስመርን አይደለም፤ የፓይተንን ስትሪፕ በቀጥታ የሚጠራ ፋንክሽን ከተጠየቀው በላይ ይልጣል።

ኑልን እንደ ባዶ ጽሑፍ ማየት

ለፋንክሽኑ ከሚሰጡት እሴቶች አንዱ ኑል፣ ማለትም ያልታወቀ ወይም ያልተመዘገበ፣ ከሆነ መልሱም ኑል መሆን አለበት። ይህ በአገራችን የስም አጻጻፍ ላይ በጉልህ ይታያል፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በማያያዣው ምልክት ሲቀጠሉ የአያት ስሙ ያልተመዘገበለት ሰው ሙሉ ስሙ ኑል ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ማያያዣውን «ሊያስተካክለው» ይነሣል፤ ኦራክል ባዶ ጽሑፍንና ኑልን አንድ አድርጎ ማየቱም ለዚህ ልማድ አስተዋጽኦ አድርጓል። ትክክለኛው መንገድ ማያያዣውን እንደ ደንቡ መተው፣ ጎዶሎውን ደግሞ ኮአለስ በተባለው ፋንክሽን መሙላት ነው። በላይክ ፍለጋም ነገሩ ያው ነው፦ የአባት ስሙ ኑል የሆነ ሰው «በ‹ከ› ይጀምራል» በሚለውም «በ‹ከ› አይጀምርም» በሚለውም ዝርዝር ውስጥ አይገኝም።

የእሴቶቹን ቅደም ተከተል ማዛባት

ፖዚሽን የሚፈለገውን ያስቀድማል፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኢንስተር ደግሞ የሚፈለግበትን ያስቀድማል። በኤስኪውላይት ያለው ወጥመድ ግን ከዚህ ይብሳል። በጥያቄው ውስጥ ጽሑፉ በግራ፣ የፍለጋው ቅርጽ በቀኝ ይጻፋል፤ ዳታቤዙ ያስመዘገባችሁትን የሪጀክስ ፋንክሽን ሲጠራ ግን ቅርጹን አስቀድሞ ይሰጣል። ገልብጦ የጻፈ ሰው «ሰላም»ን በ«ሰላም» ሲሞክር ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ሙከራው ያልፋል፣ የስህተት መልእክትም አይመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራችሁ ሁለቱ ወገኖች የሚለያዩበት ይሁን።

ላይክን በሪጀክስ ለብጦ መገላገል

ደጋግሜ ያየሁት አቋራጭ የፐርሰንት ምልክቱን በነጥብና ኮከብ፣ የታች ሰረዙን በነጥብ ተክቶ የቀረውን ለሪጀክስ ሞተር መስጠት ነው። በመጀመሪያ ጽሑፉ ውስጥ ያሉት ነጥብ፣ ቅንፍና የመደመር ምልክት ለሪጀክስ ልዩ ትርጉም እንዳላቸው ይረሳል። እኔ በአንድ የቆየ የሰነድ መዝገብ ላይ «ዓ.ም» የተጻፈባቸውን መስመሮች ስፈልግ ዓለምነሽና ዓለምፀሐይ የሚባሉ ሰዎች ሁሉ ተሰልፈው መጡ። ነጥቡ «ማንኛውም ቁምፊ» ሆኖ ስለተነበበ በ«ዓ» እና በ«ም» መካከል ያለው «ለ» በሚገባ ተስማምቶታል። ሁለተኛ፣ የሪጀክስ ነጥብ በልማድ አዲስ መስመርን አያልፍም፤ ላይክ ግን ያልፋል። ሦስተኛ፣ ላይክ ሙሉውን ጽሑፍ የሚገጥም እንጂ በውስጡ ቁራጭ የሚፈልግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ደንቡ የገባው ሲሚላር ቱ የተባለው ኦፕሬተርም እንዲሁ ሙሉውን ይገጥማል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የገባው ላይክ ሪጀክስ ግን ከየትም ቦታ ቁራጭ ቢያገኝ ይበቃዋል።

እግረ መንገዴን ስለ ሪጀክስ አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችንን በሙሉ ለማለት «ከሀ እስከ ፐ» ማለት ለምደናል፤ በሪጀክስ ቅንፍ ውስጥ ግን በኮድ ቁጥር ስንሄድ ይህ ክልል በፐ ግእዝ ላይ ያበቃል። ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕና ፖ ውጭ ስለሚቀሩ «ፖስታ» እና «ፓርላማ» የአማርኛ ቃል አይደሉም ተብለው ይጣላሉ።

ማምለጫ ምልክቱን መዘንጋት

ተጠቃሚው «10%» ብሎ ሲፈልግ ቅናሹን ብቻ እንጂ «100 ብር»ን ማግኘት አይፈልግም። ደንቡ ለዚህ፣ ፐርሰንቱ እንደ ተራ ቁምፊ እንዲነበብ የሚያደርግ ማምለጫ ምልክት የሚሰየምበትን ኢስኬፕ የሚለውን ሐረግ አስቀምጧል፤ ምልክቱም አንድ ቁምፊ ብቻ መሆን አለበት። ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል ሳይጠየቁ የኋላ ሰረዝን በማምለጫነት ይወስዳሉ፤ ደንቡና ኤስኪውላይት ግን ካልተጠየቁ ምንም አይወስዱም። የማምለጫ ምልክቱን ተከትሎ ፐርሰንት፣ የታች ሰረዝ ወይም ራሱ ምልክቱ ካልመጣ በደንቡ መሠረት ስህተት ነውና በዝምታ አትለፉት።

ፍለጋውን ማለቂያ በሌለው መመለስ ማሰር

ላይክን በራሱ የሚጠራ ፋንክሽን አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ፐርሰንት በተገኘ ቁጥር ከቀሪው ጽሑፍ ቁምፊ በቁምፊ እየተነሡ መሞከር ብቻ ነውና። ነገር ግን «%ሀ%ሀ%ሀ%ሀ%ለ» የሚል ቅርጽ ሀ ብቻ በተደረደረበት ረጅም ጽሑፍ ላይ ሲሞከር እያንዳንዱ ፐርሰንት ከፊቱ ያለውን የሙከራ ብዛት ስለሚያባዛው አንድ ጥያቄ አገልጋዩን ለብቻው ሊይዘው ይችላል። መድኃኒቱ የሚያስደስት ቀላልነት አለው፦ ፍለጋው ሲከሽፍ መመለስ የሚያስፈልገው ወደ መጨረሻው ፐርሰንት ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት ያሉት በተቻለ መጠን ቀድመው ስለተገጣጠሙ እነርሱን ወደ ፊት መግፋት አዲስ ዕድል አይፈጥርም። ሁለት ቦታዎችን በማስታወስ ብቻ ሥራው ከሁለቱ ርዝመቶች ብዜት አያልፍም። በሪጀክስ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመውን፣ ሁሉንም አማራጭ ጎን ለጎን የሚያራምደውን ስልት የሚከተል ሞተር መምረጥ ይገባል።

ሞክሼ ፊደላትን በላይክ ውስጥ መቅበር

ይህ የእኛው የራሳችን ፈተና ነው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ስሙን ስለሚያስመዘግብ ፍለጋው ሁለቱንም እንዲያገኝ መፈለግ ተገቢ ነው። ሆኖም ላይክን ራሱን ቀይሮ ሞክሼዎቹን አንድ ማድረግ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ሠረቀንና ሰረቀን፣ ሠዐለንና ሰአለን መለየት ለሚፈልግ ሰው በር ይዘጋል። ሁለተኛ፣ በኤስኪውላይት አብሮት የመጣው የላይክ ፋንክሽን በሌላ ከተተካ ዳታቤዙ «አበ%»ን ከ«አበ» እስከ «አቡ» ባለው ክልል በኢንዴክስ (ፍለጋን በሚያፋጥን የተደረደረ ዝርዝር) መፈለጉን ትቶ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል።

የሚሻለው የሆሄያቱን ልዩነት የሚያነሣ ራሱን የቻለ ፋንክሽን ጽፎ በውጤቱ ላይ ኢንዴክስ መሥራት ነው። ፋንክሽኑ ሲመዘገብ ለአንድ ግብዓት ሁልጊዜ አንድ መልስ እንደሚሰጥ የሚገልጸው ምልክት ካልተሰጠው ኤስኪውላይት በኢንዴክስ ውስጥ አይቀበለውም። ፋንክሽኑ የሚጠቀምበት የሞክሼዎች መተኪያ ሠንጠረዥ ሲዘጋጅ በኮድ ቁጥር ልዩነት ብቻ መሄድ አይበቃም፤ ከሐ 16 መቀነስ ሀን ቢሰጥም በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸውን ሀንና ሃን፣ አንና ኣን አንድ አያደርግም። ሠንጠረዡን በኋላ ካሻሻላችሁት ደግሞ ኢንዴክሱን እንደገና ሥሩት፤ አለበለዚያ በአሮጌው ሠንጠረዥ የተቀመጡት መዝገቦች በአዲሱ ፍለጋ አይገኙም፣ የጠፉ መሆናቸውንም የሚናገር የስህተት መልእክት አይኖርም።