ባቡር ጣቢያ ስታቅዱ በፓርኪንግ አትጀምሩ (እና ሌሎች ስህተቶች፣ አንዳንዱን እኔም ሰርቼዋለሁ)

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጀማሪ ልጅ የስቴሽን ፕላን ይዞ መጣ፣ ወረቀቱን ሳይዘረጋው "ጋሼ ፓርኪንጉን ለስንት መኪና እናድርገው?" አለኝ። ይሄን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማሁት አልነግራችሁም፣ ልጻፈውና ልረፍ።

ከፓርኪንግ መጀመር፦ እስቲ ሂሳቡን ስሩት። አንድ መኪና መቆሚያውም መዞሪያውም ተደምሮ 30 ካሬ አካባቢ ይበላል፣ 500 መኪና ማለት 15,000 ካሬ ነው፣ ሁለት ኳስ ሜዳ በሉት። ጠዋት የሚመጣው መኪና ደግሞ አብዛኛው ሹፌሩን ብቻ ነው የያዘው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ መሬት 600 ሰው ቢያመጣላችሁ ነው፣ ከዛ መኪናው እስከ ማታ እዛው ተገትሮ ይውላል። አንድ ሚኒባስ ግን 12 ሰው አራግፎ በሁለት ደቂቃ ይወጣል፣ አንዷ ማውረጃ ብቻ በሰዓት 360 ሰው ማለት ነው፣ ሁለት ማውረጃ ካላችሁ በአንድ ሰዓት ኳስ ሜዳዎቹን በለጣችሁ! እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ አብዛኛው ሰው በእግሩና በታክሲ እየሄደ ለመኪና አስፋልት ማንጠፍ ለማን ነው? ፓርኪንግ ጭራሽ አይሰራ እያልኩ አይደለም፣ መስመሩ የሚያልቅበት ላይ ትርጉም አለው። ቀላል ባቡሩ በምስራቅ በኩል አያት ላይ ያበቃል፣ ኮንዶሚኒየሙ ግን አልፎ አባዶ ደርሷል፣ ከዛ ለሚመጣ ሰው ይታሰብለት። ለመሀል ከተማ ጣቢያ ግን ተዉት።

ነጻ ማድረግ፦ ፓርኪንጉ ነጻ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሰፈሩ ባለሱቆች ሞልተውት ታገኛላችሁ። በቃ።

ካርታ ላይ ክብ ማስመር፦ ይሄን እኔ ራሴ ሰርቼዋለሁ። ጣቢያውን መሀል አድርጌ 500 ሜትር ክብ አሰመርኩ፣ ክቡ ውስጥ ያለው ሰፈር ሁሉ በእግሩ ይመጣል ብዬ ጻፍኩ፣ ሪፖርቱም አማረ። በኋላ በእግሬ ስሄደው ወንዝ አለ፣ ከወንዙ ወዲያ የአንድ ግቢ ረጅም አጥር አለ፣ ዞሬ ስደርስ 1.4 ኪሎ ሜትር። አንዲት እናት ሜትር ይዤ ሲያዩኝ "ልጄ፣ በዚህ እኮ ክረምት አይታለፍም" አሉኝ። እሳቸው በአንድ ቃል የነገሩኝን እኔ ሶስት ወር አልገባኝም ነበር። ባቡሩ ራሱም አጥር ይሆናል፣ በ2008 መስከረም የጀመረው ቀላል ባቡር መሬት ላይ በሚሄድበት ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፣ ፊት ለፊት የሚታይህ ሱቅ ጋ ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ትሄዳለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ጫማችሁን እሰሩ፣ በሐምሌ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ ጭቃው ራሱ ይነግራችኋል።

ባጃጅና ታክሲን መርሳት፦ ተራ ካልሰራችሁላቸው ራሳቸው ይሰራሉ፣ ያውም በሩ አፍ ላይ። ከዛ ደንብ ማስከበር ያባርራቸዋል፣ እነሱ ይመለሳሉ፣ ተሳፋሪው መሀል ላይ ይጋፋል። ተራ አስከባሪዎቹን ቀድማችሁ አናግሩ፣ የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት ሰው እንደሚያፈስ ከናንተ ሰርቬይ በላይ ያውቃሉ።

ርካሽ መሬት ተብሎ ዳር መውጣት፦ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር መሀል ከተማ ለገሃር ይገባ ነበር፣ የአሁኑ የጅቡቲ ባቡር ለቡ ነው የሚቆመው። ለረጅም ጉዞ ያስኬዳል ይባል፣ በዓመት ሁለቴ ነው ሰው የሚሄደው። በየቀኑ ለስራ የሚመላለስ ሰው ግን ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ከያዘ ሶስተኛውንም ይዞ ቢሮው ይገባል እንጂ ባቡር ምን ሊያደርግለት?

መብራት፦ ሴቶች ማታ በጨለማ መንገድ ወደ ጣቢያ አይመጡም። ይሄ መጻፍ ነበረበት?

ቆጠራ፦ ሰው የሚቆጠረው በስራ ቀን ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ነው። ያ ልጅ መቼ እንደቆጠረ ስጠይቀው "ቅዳሜ ከሰዓት፣ መንገዱ ቀለል ስለሚል" አለኝ።