የዌል ሻርክ የሳተላይት መከታተያ መረጃ ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሔ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ በኩል የሚወርደው የከባድ መኪና መንገድ መዳረሻው ጅቡቲ ነው። እዚያ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አርታ በተባለው ዳርቻ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የዓለም ትልቁ ዓሣ የሆኑት ዌል ሻርኮች ፕላንክተን የተባሉትን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ለመመገብ ይሰበሰባሉ፤ አብዛኞቹም ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። ቦታው ከደሴ በቀጥታ መስመር ቢለካ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጠው የእንስሳት ጉዞ መረጃ መተንተን የሚማሩ ወጣቶች ይህን ዓሣ መምረጣቸው ተገቢ ነው። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ዝርያውን ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ስለመደበው፣ በካርታ ላይ በስህተት የተሰመረ የጉዞ መስመር የጥበቃ ክልልን ያላግባብ ሊያስከልል ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ከሳተላይቱ የመጣውን ፋይል ከፍቶ ካርታውን የሚሠራ ሰው ደጋግሞ የሚገጥሙት ችግሮች ናቸው።

ምልክት፦ ዓሣው የብስ ላይ፣ አፋር ውስጥ ታየ

እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው አርጎስ የተባለው የሳተላይት መከታተያ ሥርዓት ቦታን የሚያሰላው ዓሣው ላይ የተተከለው መከታተያ የሚልከው ሞገድ ሳተላይቱ ሲቀርብና ሲርቅ ከሚያሳየው የድግግሞሽ ለውጥ ነው፤ ጡሩንባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ድምፁ ሲቀርብ እንደሚቀጥን፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ እንደሚወፍር ማለት ነው። ይህ ስሌት ሁልጊዜ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ አንዱ ከሳተላይቱ መንገድ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ። ሥርዓቱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ የደረሱት መልእክቶች ጥቂት ሲሆኑ ግን ምርጫው ሊሳሳትና ነጥቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሊያርፍ ይችላል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከጥራት ደረጃው ዓምድ ነው። ደረጃ 3 የስህተት መጠኑ ከ250 ሜትር በታች፣ ደረጃ 2 ከ250 እስከ 500፣ ደረጃ 1 ከ500 እስከ 1500 ሜትር፣ ደረጃ 0 ደግሞ ከ1500 ሜትር በላይ ነው። ኤ እና ቢ የሚባሉት በሦስትና በሁለት መልእክት ብቻ የተሰሉ ናቸው። ዌል ሻርክ ከውኃው በላይ ብዙ ስለማይቆይ ከሚገኙት ነጥቦች አብዛኞቹ ከእነዚህ ዝቅተኛ ደረጃዎች ይሆናሉ፤ ሁሉንም መጣል ደግሞ ካርታውን ባዶ ያስቀራል። የተሻለው መንገድ ፍጥነትን ማስላት ነው። ለምሳሌ አንድ ረድፍ ደረጃ 2 ሆኖ አርታ አጠገብ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ያለው ረድፍ ደረጃ ቢ ሆኖ 300 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ቢገኝ፣ ዓሣው በሰዓት 450 ኪሎ ሜትር ዋኘ ማለት ነው። ዌል ሻርክ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ ዝግተኛ ፍጥረት በመሆኑ፣ የማጣሪያውን ገደብ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ማድረግ ለጋስነት እንጂ ጭካኔ አይሆንም። ከማጣሪያው በፊት ግን ሁለተኛው መልስ በፋይሉ ውስጥ ካለ እሱን ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ቦታ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። የወደቀውን ነጥብ አይሰርዙ፤ በሌላ ዓምድ ምልክት አድርገውበት ያቆዩት።

ነጥቦቹ ሁሉ ጣልያን ላይ ካረፉ ጉዳዩ ቀላል ነው። 11.5 ኬክሮስና 43 ኬንትሮስ ተቀያይረው ገብተዋል፤ ዓምዶቹን ቦታቸው መመለስ ይበቃል።

ምልክት፦ መከታተያው ለሳምንታት ዝም አለ

ዝምታን ከሞት ጋር አንድ ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው። የመከታተያው ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ አያልፍም፤ ዌል ሻርክ ደግሞ በስንጥቡ የሚተነፍስ ዓሣ እንጂ አየር ለመሳብ የሚወጣ አጥቢ እንስሳ አይደለም፤ ስለዚህ ከውኃው በላይ ብቅ የማለት ግዴታ የለበትም። ብቅ ባለበት ቅጽበትም ሳተላይት ከአድማስ በላይ መገኘት አለበት። የአርጎስ ሳተላይቶች በዋልታዎቹ ላይ የሚዞሩ በመሆናቸው፣ እንደ ታጁራ ባለ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ቦታ የሚያልፉበት ድግግሞሽ ከሰሜኑና ከደቡቡ አገሮች ያነሰ ነው፤ አንዱ ማለፊያም ከ10 ደቂቃ ገደማ አይዘልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከዝምታው በፊት የመጡትን መልእክቶች ይመርምሩ። የባትሪው ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ወርዶ ከሆነ ባትሪው አልቋል። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ መልእክቶቹ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየሳሱ ከሄዱ፣ አልጌና ቅርፊት ያላቸው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ውኃን ከአየር የሚለየውን ዳሳሽ ሸፍነውት ይሆናል፤ መከታተያው አየር ላይ ሳለ ራሱን ውኃ ውስጥ ያለ አድርጎ ይቆጥራል። መልእክቱ በደህና ሲመጣ ቆይቶ በድንገት ከተቋረጠ ደግሞ የአንቴና ስብራት ወይም ጥልቅ ጠለቃ ሊሆን ይችላል። ከርቀት የሚጠገን አንድም ነገር የለም። ለሚቀጥለው ተከላ ግን ከዳሳሹ ነጥቦች በስተቀር አካሉን ዕድፍ በሚከላከል ቀለም መቀባት፣ የማስተላለፊያ ሰዓቱንም ሳተላይቶቹ ከሚያልፉበት ሰዓት ጋር ማጣጣም ይቻላል።

ምልክት፦ ዝም ያለው መከታተያ በድንገት ሌትና ቀን መናገር ጀመረ

ይህ ምልክት ደስ ያሰኛል፤ ትርጉሙ ግን ብዙውን ጊዜ መከታተያው ከዓሣው ተለይቷል ማለት ነው። የሚንሳፈፍ መከታተያ አንቴናው ዘወትር አየር ላይ ስለሆነ ጥሩ ደረጃ ያላቸው ነጥቦች በብዛት ይልካል፤ መስመሩም የባሕሩን ሞገድ ተከትሎ ይሄዳል። የሙቀት ዓምዱን ይመልከቱ። በቀን በጣም ወጥቶ በሌሊት የሚወርድ ከሆነ መከታተያው አሸዋ ላይ ወይም አንድ ጀልባ ውስጥ ተቀምጧል። የዓሣውን ጉዞ ከዚህ ለውጥ በፊት ባለው የመጨረሻ ነጥብ ላይ ይቁረጡት። መከታተያው መረጃውን በውስጡ የሚያከማች መዝጋቢ ዓይነት ከሆነ ግን ፍለጋው አይቋረጥ፤ በሳተላይት የሚደርሰው የመረጃው ጭምቅ ብቻ ሲሆን ሙሉው መዝገብ ያለው በመሣሪያው ውስጥ ነው።

ምልክት፦ በመጋቢትና በመስከረም ኬክሮሱ ወዲያና ወዲህ ይዘላል

ይህ የሚገጥመው በብርሃን መጠን ቦታን በሚገምቱት መዝጋቢዎች ነው። ኬንትሮስን ከቀትር ሰዓት፣ ኬክሮስን ከቀኑ ርዝመት ያሰላሉ፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የቀኑ ርዝመት በየትኛውም ኬክሮስ ተመሳሳይ ስለሆነ ስሌቱ የሚይዘው ነገር ያጣል። በእነዚያ ሳምንታት ኬንትሮሱን ይመኑ፤ ኬክሮሱን በባሕር ወለል ሙቀትና በጥልቀት ይፈትኑት። ለእኛ አካባቢ ጥልቀት እጅግ ጠቃሚ መፈተኛ ነው። በቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ያለው ጥልቀት 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ዌል ሻርክ ግን እስከ 1928 ሜትር ሲጠልቅ ተመዝግቧል። ስለዚህ ዓሣው በአንድ ቀን 600 ሜትር ጠልቆ እያለ ነጥቡ ቀኑን ሙሉ እዚያ ጥልቀት የለሽ ስፍራ ላይ ካስቀመጠው፣ የተሳሳተው ነጥቡ ነው።

ምልክት፦ ዓሣው ቀንና ሌሊቱን ያምታታ ይመስላል

ይህ የእኛው አገር ችግር ነው፤ ውጭ አገር በተዘጋጀ መመሪያም አይገኝም። የሳተላይቱ ፋይል የሚመጣው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ከጀልባ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ግን አንዳንዱ በጅቡቲ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ በእኛ አቆጣጠር ይሆናል። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለው ለጅቡቲው 9፡00፣ ለግሪንዊች 6፡00 ነው። የቀኑን የእኛ ሰዓት ወደ ግሪንዊች ለመመለስ 3 ይደመራል፤ የጅቡቲውን ለመመለስ 3 ይቀነሳል። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተቀላቀሉ የ6 ሰዓት ክፍተት ስለሚፈጠር የሌሊቱ ጠለቃ ቀን የተደረገ ይመስላል። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ አቆጣጠሩን በሁለተኛው፣ የተለወጠውን ሰዓት በሦስተኛው ያስቀምጡ። ዓመተ ምሕረቱንም በዚሁ መንገድ ይያዙ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ወዲያው ይታያል፣ የሰዓቱ ግን ይደበቃል።

ምልክት፦ ሁለት የመከታተያ ቁጥሮች በአንድ ሰሞን አንድ ዓይነት ጉዞ ያሳያሉ

ሁለት ዓሦች አብረው መጓዛቸው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መከታተያው ሳይወልቅ ያው ዓሣ በድጋሚ ተተክሎለት እንደሆነ አስቀድሞ መጣራት አለበት። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ የነጠብጣብ አቀማመጥ የተለየ ነው፤ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለውም ከስንጥቡ በስተኋላ ያለው የግራ ጎን ነው። ነጠብጣቦቹን የሚያነጻጽረው የኮምፒውተር ዘዴ ከሥነ ፈለክ ሰዎች የኮከብ ካርታ ማመሳከሪያ የተወሰደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ሆኗል። ስለዚህ ከተከላው ቡድን ጋር ሲጻጻፉ ከመከታተያው ቁጥር ጋር የግራ ጎኑን ፎቶግራፍ ይጠይቁ፤ የቀኙ ብቻ ከተነሣ ከግራው ጋር ስለማይመሳከር ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ዓሣ ናቸው ብለው አያዋህዷቸው።