ስኳር እያለባችሁ ስትጨነቁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ 9 ዓመት አለፈኝ፤ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ እናንተ እንዳትደግሟቸው ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው፣ ሁሉንም በምግብ ማሳበብ ነው። ስኳራችን ሲወጣ «ምን በልቼ ነው?» እንላለን። አንድ ጊዜ አከራዬ ኪራይ ጨምር ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። ምግቤ ያው፣ መድኃኒቴም ያው። ጠዋት ስለካ ግን ከ200 በላይ ይሆንብኝ ጀመር። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። እነዚህ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጉታል፤ የኢንሱሊንንም ጉልበት ያዳክማሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ስትመዘግቡ የዕለቱንም ነገር ከጎኑ ጻፉ፦ «አልተኛሁም»፣ «ከአከራይ ጋር ተጨቃጨቅሁ»። ሐኪሙ ይህን አይቶ ይወስን። በራሳችሁ ኢንሱሊን አትጨምሩ።

ሁለተኛው ከሁሉም ያስፈራኛል፤ የስኳር መውረድን ጭንቀት ነው ብሎ ማለፍ።

አንድ ቀን ማታ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ከምሳ ወዲህ ምንም አልቀመስኩም። ልቤ ይመታል፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ከኪሴ ብር ላወጣ ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰልፍ ጥሶ የገባ ልጅ ላይ ጮህኩበት። «ንዴት ነው፣ ያልፋል» ብዬ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበሩ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ስኳር አለብህ እንዴ? ባለቤቴንም እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው» አሉኝ። መልስ ሳይጠብቁ ከሱቅ ሚሪንዳ ገዝተው አጠጡኝ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ጠራ።

ጭንቀትና የስኳር መውረድ ምልክታቸው ይመሳሰላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት፣ ብስጭት። የሚለያቸው መለኪያው ነው። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ። መለኪያ ካልያዛችሁ እንደወረደ ቁጠሩትና ጣፋጭ ውሰዱ። እንደ እኛ ሰፈር መንገዱ ረጅም ለሆነበት ሰው፣ ያለ ከረሜላ ከቤት መውጣት አይሆንም።

ደብቆ መኖርም አለ። ጎረቤት ቡና ሲጠራን «ስኳር አለብኝ» ማለት ያሳፍረናል፤ የተሰጠንን ጠጥተን ማታ ስንጨነቅ እናድራለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ገና ረከቦቱ ሲቀርብ «የእኔን ያለ ስኳር» በሉ። ቢያንስ አንድ ጎረቤት ይወቅ፤ ራሳችሁን ስታችሁ ቢያገኛችሁም አፋችሁ ውስጥ ምንም ሳይጨምር በፍጥነት ወደ ሕክምና እንዲወስዳችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጭንቀትን በጫትና በመጠጥ ማስታገስ፣ እሱ ይቅር። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮል ደግሞ ስኳርን ሌሊት ላይ ሊያወርደው ይችላል፤ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጋ።

ስለ ጸበል በአክብሮት ነው የምናገረው። እኔም እጠመቃለሁ፤ ልቤን ያሳርፈዋል። ስህተቱ «ድኛለሁ» ብሎ ኢንሱሊን ማቆም ነው፤ ይህ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስሄድ መድኃኒቴ አብሮኝ ይሄዳል። ጾምንም ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ለጭንቀት የእግር ጉዞ ጥሩ ነው። በክረምት ግን የእኛ ሰፈር ጭቃ ነው፣ ጠጠርም ይበዛዋል። ክፍት ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ፤ ስትመለሱ የእግራችሁን ጣቶች መካከል በደንብ አድርቁ፣ ቁስል ካለም እዩ።

የመጨረሻው፣ ቀጠሮ ላይ ስለ ልብ ሐዘን ዝም ማለት ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ እኛም ቁጥራችንን ብቻ ተናግረን እንወጣለን። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ድብርት ግን ሕክምና አለው። እኔ አፌ አልፈታ ቢለኝ ደብተሬ ላይ «እንቅልፍ የለኝም፤ ምንም ነገር አያስደስተኝም» ብዬ ጽፌ ገባሁ። ሐኪሙ አነበበው፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አደረገ።